የልጄ ኤስኤስአይ እና የእቁቡ ገንዘብ፦ ልጃችሁ 18 ሳይሞላው ይህን አንብቡ

አሜሪካ ውስጥ ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ፣ ልጁ 18 ሲሞላው የወረቀት ክምር ይጠብቀዋል። አብዛኛው በትዕግሥት የሚያልቅ ነው። እኛን ያንገላታን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የባንክ ሒሳቡ ላይ የተጻፈው ስም። አስቀድሞ የነገረን ሰው ስላልነበረ ለሌላው ይድረስ ብዬ ጻፍኩት።

ቀላሉን በአጭሩ ልበል። ልጁ ትንሽ ሳለ ለኤስኤስአይ (ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ገቢና ንብረቱ አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኛ በየወሩ ለሚከፍለው ድጎማ) አመልክታችሁ «ገቢያችሁ ከልክ በላይ ነው» ተብላችሁ ከነበረ፣ 18 ሲሞላው እንደገና አመልክቱ። ከዚያ ወዲያ የሚታየው የራሱ ገቢና ንብረት ነው፤ የእናትና የአባቱ አይቆጠርም። በአንድ ወቅት ተከልክለው በዚያው የተዉት ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፣ ያሳዝነኛል። ኤስኤስአይ ካመለከታችሁበት ቀን በፊት ላለው ጊዜ ስለማይከፍል፣ ለማመልከት እንደምትፈልጉ በስልክ አስመዝግቡ። ቀጠሮው ቢዘገይም ያ ቀን ይያዝላችኋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲቀበል የቆየ ከሆነ ደግሞ በአዋቂ መመዘኛ እንደገና ይመረመራል፤ የሐኪም ማስረጃውን፣ የትምህርት ቤቱን አይኢፒ (የልዩ ትምህርት ዕቅድ) እና የሥነ ልቦና ምርመራውን ቀድማችሁ ሰብስቡ።

ትምህርት ቤቶች «18 ሳይሞላው ጋርዲያንሺፕ አውጡ» ይላሉ። እኔ አትቸኩሉ እላለሁ። ጋርዲያንሺፕ የልጁን የመወሰን መብት በፍርድ ቤት መውሰድ ነው፤ ኤስኤስአይ ለመቀበል ደግሞ አያስፈልግም። ሶሻል ሴኩሪቲ በልጁ ስም ገንዘቡን የሚቀበል ሰው የሚሾመው ራሱ ነው፤ ይህም ሰው ሪፕረዘንታቲቭ ፔዪ ይባላል። የፍርድ ቤት ወረቀት ቢኖራችሁም ባይኖራችሁም በዚህ በኩል ማለፋችሁ አይቀርም። የውክልና ሥልጣንንም ለዚህ ጉዳይ አይቀበሉም።

ዜግነትን ግን ነገ ዛሬ አትበሉ። በዲቪ የመጣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ኤስኤስአይ ለማግኘት በአብዛኛው 40 የሥራ ሩብ ዓመት ይጠየቃል፤ በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የገባው ደግሞ የ7 ዓመት ገደብ አለበት። እናት ወይም አባት ዜግነት ሲያገኙ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነና ግሪን ካርድ ይዞ ከእነሱ ጋር የሚኖር ልጅ በሕግ ወዲያው ዜጋ ይሆናል። ፈተና የለም፣ ቃለ መጠይቅ የለም። 18 ከሞላው ግን ልጁ በራሱ ኤን 400 (የዜግነት ማመልከቻ) መሙላት፣ ከፈተናው ነጻ ለመሆንም በሐኪም የተሞላ ኤን 648 ማቅረብ ሊኖርበት ነው። ያ መንገድ ይቻላል፣ ግን አድካሚ ነው።

ቤት ኪራይም አለ። ልጁ እናንተ ጋ በነጻ የሚኖር ከሆነ ክፍያው እስከ አንድ ሦስተኛ ሊቀነስበት ይችላል። ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ወዲህ የምትሰጡት ምግብ አይቆጠርም፤ መጠለያ ግን ይቆጠራል። በጽሑፍ የኪራይ ውል አድርጉ፣ ኪራዩም ከእሱ ሒሳብ በየወሩ ይከፈል። በ2025 ኪራዩ 342.33 ዶላር ከደረሰ ቅነሳው ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ። ፔዪ ሆኖ የተሾመ ሰው የሚከፍተው ሒሳብ ባለቤቱ ልጁ መሆኑን፣ እናንተ ደግሞ በፔዪነት የምታንቀሳቅሱት መሆናችሁን በስሙ ላይ ማሳየት አለበት። እኛ የሄድንበት ባንክ ሠራተኛ ይህን አታውቅም ነበር። የሹመቱ ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጦ እያለ፣ «ይቀላችኋል» ብላ የልጁን ስም እኛ በምንጠቀምበት ሒሳብ ላይ ሁለተኛ ባለቤት አድርጋ ጨመረችው። ሥራዋ ሒሳብ መክፈት የሆነ ሰው ደብዳቤውን እንኳ ሳያነብ እንዲህ ማድረጉ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ነገሩ ለምን ከባድ ሆነ? የኤስኤስአይ ተቀባይ በጋራ ሒሳብ ላይ ስሙ ካለ፣ ሌላ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ገንዘቡ በሙሉ የእሱ ነው ተብሎ ይገመታል። እሱ ሊኖረው የሚችለው ደግሞ 2,000 ዶላር ብቻ ነው። ይህ ጣሪያ ከ1989 ጀምሮ አልተነካም፤ በዚያን ጊዜ የተወለደ ሰው ዛሬ የልጅ ወላጅ ሆኗል። ገንዘቡ የሚታየው በወሩ የመጀመሪያ ቀን መግቢያ ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት 2,001 ዶላር ከተገኘ የወሩ ክፍያ ተቀንሶ ሳይሆን በሙሉ ይቀራል። በ2025 ይህ እስከ 967 ዶላር ማለት ነበር።

እዚያ ሒሳብ ላይ እቁባችን ገባ። 12 ሰው በወር 500 ዶላር የሚጥልበት እቁብ ለደረሰው 6,000 ዶላር ያስገኛል። የእቁቡ ጸሐፊ በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ) ላከ፣ ወሩ ተለወጠ፣ በኋላ ሒሳቦች ሲመረመሩ ገንዘቡ የልጁ ንብረት ሆኖ ተቆጠረ። የኦቨርፔይመንት ደብዳቤ፣ ማለትም «ከሚገባው በላይ ተከፍሏልና መልሱ» የሚለው፣ የመጣው ከዚያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚመክረው «ዌይቨር ጠይቁ» ብሎ ነው፤ ፎርሙ ኤስኤስኤ 632 ነው። አልስማማም። ዌይቨር ማለት «ጥፋት የለብኝም፣ መክፈልም አልችልም፣ ዕዳውን ተዉልኝ» ማለት ነው። ገንዘቡ የልጁ ካልነበረ ግን ዕዳው ራሱ የለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ በኤስኤስኤ 561 ይግባኝ በሉ። ዌይቨሩ የጊዜ ገደብ የለውም፣ ኋላ ይደርሳል። ይግባኙ ግን ደብዳቤው ከደረሳችሁ 60 ቀን አለው። ክፍያው ሊቋረጥ ወይም ሊቀነስ ነው የሚል ደብዳቤ ከሆነ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካላችሁ ክፍያው እስኪወሰን ይቀጥላል። ደብዳቤው የደረሳችሁ ከተጻፈበት ቀን 5 ቀን በኋላ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ፖስታ ዘግይቶ ከመጣ የምታስረዱበት ማኅተም ኤንቨሎፑ ላይ ነውና እንዳትጥሉት።

ከይግባኙ ጋር የጋራ ሒሳቡን ግምት የምታፈርሱበት ኤስኤስኤ 2574 የሚባል ፎርም አለ። ገንዘቡ የማን እንደሆነ፣ ስሙ ለምን እንደገባ፣ ማን እንዳስገባና ማን እንዳወጣ፣ በምን ላይ እንደዋለ በጽሑፍ ይጠየቃል። የሌላው ባለቤት ቃልም ይፈለጋል። ልጁ ቃል መስጠት የማይችል ከሆነ ጉዳዩን የሚያውቅ ሌላ ሰው ይመሰክራል። በመጨረሻም ስሙ ከሒሳቡ መውጣቱን ማሳየት ግዴታ ነው። ስሙን ሳታወጡ የምታቀርቡት ክርክር ጎዶሎ ነው፤ ስለዚህ ባንኩን አስቀድሙ።

አስቸጋሪው እቁብን ማስረዳት ነው። ውል የለው፣ ባንክ የለው፣ ደረሰኝ የለው። ያዋጣን ይህ ነው። የእቁቡ ደብተር ስም፣ ወር፣ የተጣለ፣ የደረሰው ሰው ተብሎ በአራት ዓምድ የተሰመረ ነበር፤ ገጾቹን ፎቶ አንስተን በእንግሊዝኛ ትርጉም አያያዝን። ዳኛውና ጸሐፊው እቁቡ መቼ እንደጀመረ፣ ስንት አባል እንዳለው፣ የሚጥለው ማን እንደሆነ ፈርመው ሰጡ። ለልጁ ምስክር የሆነልንም ዳኛው ነው። እኛ በየወሩ የላክነውን 500 ዶላር ከደሞዛችን ጋር በባንኩ ዝርዝር ላይ በአንድ ቀለም አሰመርንበት። ከዚያም ሒሳቡን በግልጽ ጻፍነው፦ እጣው በ4ኛው ወር ወጣ፣ እስከዚያ የጣልነው 2,000 ነው፣ የቀረው 4,000 ለሌሎቹ ገና የምንከፍለው ዕዳ ነው። «ባህላዊ የቁጠባ ማኅበር ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ፋይሉን የሚያየው ሰው ስለ ባህላችን እንዲያውቅ አትጠብቁ፣ ቁጥር ስጡት። ግምቱ በዚህ ፈረሰ።

ለልጁ መስጠት የምትፈልጉት ገንዘብ ካለ ቦታ አለው። ኤብል አካውንት (ለአካል ጉዳተኞች የተፈቀደ የቁጠባ ሒሳብ) በ2025 በዓመት 19,000 ዶላር ይቀበል ነበር፤ የመጀመሪያው 100,000 ለኤስኤስአይ አይቆጠርም። ጉዳቱ ዕድሜው 26 ሳይሞላ የጀመረ ሰው ይከፍት ነበር፣ ከ2026 ጀምሮ ዕድሜው ወደ 46 ከፍ ብሏል። ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው መዋጮ ሲያሰባስብ ቼኩ በልጁ ስም እንዳይጻፍ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ በቀጥታ ኤብሉ ውስጥ ይግባ። ለውርስ ደግሞ ስፔሻል ኒድስ ትረስት (ንብረቱን ሌላ ሰው ለልጁ ጥቅም የሚያስተዳድርበት አደራ) ይሠራል። በእናንተ ገንዘብ በሚሠራ ትረስት ውስጥ «ልጁ ሲያርፍ ለሜዲኬይድ (ለመንግሥት የጤና መድን) ይመለስ» የሚል አንቀጽ ካያችሁ አትፈርሙ፤ ያ የሚያስፈልገው በልጁ በራሱ ገንዘብ ለሚቋቋም ትረስት ነው። የሥራ ቦታችሁን የሕይወት ኢንሹራንስና የ401 ኬ (የጡረታ ቁጠባ) ወራሽም ተመልከቱ። የልጁ ስም በቀጥታ ከተሞላ ትረስቱ ምንም አያድንም።

ወደ አገር ቤት ለጠበል ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ይዛችሁት ስትሄዱ ከ30 ቀን በታች ይሁን። 30 ተከታታይ ቀን ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ ኤስኤስአይው ይቆማል፣ እንደገና የሚጀምረውም ተመልሶ ሌላ 30 ተከታታይ ቀን አሜሪካ ውስጥ ከቆየ በኋላ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ለሶሻል ሴኩሪቲ አሳውቁ፣ የመሳፈሪያ ካርዶቹንም ከፋይሉ ጋር አስቀምጡ።