ግራሶው ሲዋሸኝ የዋለበት ቀን

የመኪናዬ መሪ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምርና 110 ሲደርስ ይተወኛል። ወንበሩ ቢሆን ኖሮ የኋላ ጎማዎቹን እጠረጥር ነበር፤ መሪ ከሆነ ግን ነገሩ ከፊት ነው። ሁለት ጊዜ ጎማዎቹን በማሽን ባላንስ አስደረግኩ፣ ማለት ክብደታቸው ዙሪያውን እኩል እንዲሆን አስመዘንኩ፣ ሁለቴም እየተንቀጠቀጥኩ ተመለስኩ። በሦስተኛው ጎሚስታው «መንገዱ ነው» አለኝ። ተናድጄ ራሴ ልሥራው ብዬ ተነሳሁ።

ከቸርኬዬ (ጎማው ከሚለብሰው ብረት) ጋር የሚገጥም አሮጌ የፊት ሞዞ፣ ማለት ቸርኬው የሚታሰርበትን እምብርት፣ ከነዘንጉ አገኘሁ፤ ዘንጉን ሞርሳ (የብረት መያዣ) ላይ አጋድሜ አሰርኩ። ጎማውን ሳጥብ በቸርኬው የውስጥ ጠርዝ አንድ እፍኝ የደረቀ ጭቃ ወጣ፤ ማሽኑ ላይ አብሮ ሲመዘን ከርሟል ማለት ነው! ለሚዛን የተለጠፈውን የድሮ የእርሳስ ብረት ነቅዬ ጎማውን ሞዞው ላይ አሰርኩ። የከበደው ወገን ወደ ታች ይወርዳል፣ እርሳሱ ከላይ ትይዩው ላይ ይለጠፋል። ይኸው ነው።

ለቀቅኩት፣ ወረደ፣ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። ትይዩው ላይ 20 ግራም በፕላስተር ያዝኩ። ደግሜ ስለቀው ሌላ ቦታ ቆመ። እዚያም 15 ጨመርኩ። ሌላ ቦታ። ከሰዓት በኋላ ቸርኬው 85 ግራም ተሸክሞ፣ ጎማው በጠመኔ ተዥጎርጉሮ፣ እኔ አሁንም «ትንሽ ነው የቀረኝ» እላለሁ። በመጨረሻ የትም ቢያዞሩት ንቅንቅ አልል አለ። ደስ ብሎኝ መኪናው ላይ ገጥሜ ወጣሁ። 70 ላይ መሪው እጄን አርገፈገፈው፤ ድሮ እንኳ እስከ 90 ይታገሠኝ ነበር።

ጎማውን ያቆመው ሚዛን ሳይሆን ሞዞውን ዘንጉ ላይ የሚያሽከረክረው የኩሽኔታው ወፍራም ግራሶ (ቅባት)ና ግራሶው እንዳይወጣ የሚያሽገው ላስቲክ ነበር። ሁለተኛው ምልክት ከመጀመሪያው ሲርቅ መንቃት ነበረብኝ። እልህ ግን ዓይን ያሳውራል።

ማሸጊያውን አውልቄ ኩሽኔታውን በናፍጣ አጠብኩ፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግኩበት። አሁን ጎማው ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ቀስ ብሎ ቆመ፤ ሦስቴ ብለቀው ሦስቴም እዚያው። የጎደለው 35 ግራም ብቻ ኖሯል። 35 ግራም ምን ይሠራል እንዳትሉ፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጎማው በሰከንድ 15 ጊዜ ያህል ሲዞር፣ ያቺ ልዩነት ወደ 6 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ትጎትታለች።

እርሳሱን ለሁለት ከፍላችሁ 20ውን ከውጭ፣ 15ቱን ከውስጥ ለጥፉ። ሁሉንም አንድ ወገን ከጫናችሁት ጎማው ሲሮጥ ወደ ጎን ይወላገዳል፤ ይህ ዘዴ ደግሞ መወላገዱን አያሳያችሁም። ለዚህ ነው ሰፋፊ ጎማ ያለው ሰው ወደ ማሽን ይሂድ የምለው። ለጠባብ ጎማ ግን «ያለ ማሽን አይሆንም» የሚሉትን አልሰማም፤ የኔ መሪ 100 ላይ ጸጥ ብሏል።

ያን ሞዞ «ለሚዛን ብቻ» ብዬ በቀለም ጽፌበታለሁ። ያለ ግራሶ መንገድ ላይ ቢወጣ ኩሽኔታው ተቃጥሎ ይነክሳል፣ ማለት ተጣብቆ አልዞርም ይላል።