ቦይለር በቤት ሲጠገን፦ ጎንደር ላይ እስካሁን የደረስንበት

ይህ ማስታወሻ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ባለ 50 ሊትር፣ ባለ 1,500 ዋት ቦይለር ይመለከታል። ባለ 30ውም ባለ 80ውም አሠራሩ ያው ነው፤ ቁጥሩን ማስተካከል ብቻ ነው። ቤት ማሞቅና ማቀዝቀዝ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ከታኅሣሥ እስከ ጥር ጎንደር ላይ ጠዋት ጠዋት የሚፈለገው ሙቅ ውሃ ነው፤ ለጥምቀት እንግዳ ከገባ በኋላ ቦይለር መፍታት ደግሞ ማንም የሚመኘው ሥራ አይደለም።

ኤለመንት (ውሃውን የሚያሞቀው ዘንግ) በተቃጠለ ቁጥር የሚከሰሰው መብራቱ ነው፤ «ቮልቴጅ መጥቶ በላው» ይባላል። ሲከፈት ግን ኤለመንቱ የጠቆረውና የተሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ደርቆ በመሥራቱ ነው። እንዴት ይደርቃል? ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ገብቶ ሙቁን በላይኛው ጫፍ ወዳለው መውጫ ይገፋዋል። ስለዚህ የመስመር ውሃ ቢጠፋም ቦይለሩ ሙሉ ሆኖ መቅረት ነበረበት። እንዲቀር የሚያደርገው በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ የሚገጠመው ባለ 1/2 ኢንች ሴፍቲ ቫልቭ ነው። ቫልቩ ሁለት ሥራ አለው፦ ግፊት ሲበዛ ያስተነፍሳል፣ በሆዱ ያለው ቼክ ቫልቭ ደግሞ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይከለክላል። ቼኩ ካልያዘ፣ መስመሩ በጠፋበት ሰዓት ግቢ ያለ ቧንቧ ሲከፈት የቦይለሩ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል። ሻወሩም «ውሃ መጥቶ እንደሆነ» ተብሎ ተከፍቶ ከቀረ አየር በዚያ ይገባና ሆዱ ባዶ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ፣ ያውም ዳገት ላይ ባለ ሰፈር፣ ይህ ብርቅ አይደለም።

ቼኩን ለመፈተሽ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፤ ውሃው እስኪቀዘቅዝም ጠብቁ። ዋናውን መዝጊያ ዝጉ፣ ከሴፍቲ ቫልቩ ሥር ያለውን ፍሌክሲብል (ተጣጣፊ ቱቦ) ፍቱ፣ ከዚያ የሻወሩን ሙቅ ክፈቱ። ከቫልቩ ሥር ጥቂት ጠብታ ወርዶ ካቆመ ደህና ነው። መፍሰሱን ከቀጠለ ቼኩ ሞቷል። ብዙውን ጊዜ የሚገድለው መስመሩ ጠፍቶ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ደለል ነው፤ ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) ሥር ይቀረቀርና እንዳይከደን ያደርገዋል። አንዳንዴ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይነሳል፤ ቢሆንም ዋጋው ከኤለመንት ጋር አይወዳደርምና መቀየሩ ይሻላል። ሲገጠም በቫልቩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቦይለሩ ይመልከት፣ ቴፍሎኑ በጥርሱ አቅጣጫ 10 ወይም 12 ዙር ይጠምጠም። በቫልቩና በቦይለሩ መካከል ምንም መዝጊያ አይግባ። ከፊቱ ግን ትንሽ ወንፊት ያለው ማጣሪያ ቢገጠም ቫልቩ ዕድሜ ያገኛል።

ስለዚሁ ቫልቭ አንድ ስሕተት አለ፤ ሲያሞቅ ተንጠባጠበ ብሎ ቀዳዳውን በቡሽ ወይም በሲሊኮን መድፈን። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ በሦስት ሩብ ሊትር ገደማ ያብጣል። ቼኩ ወደ ኋላ አላሳልፍም ካለ፣ ያበጠው መውጫው ያቺ ቀዳዳ ናት። ከተደፈነች የሚሰነጠቀው የቦይለሩ ሆድ ነው። ቀጭን ቱቦ አያይዛችሁ ወደ ፍሳሹ አውርዱት። ሳያሞቅም ሌት ተቀን የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ወይ ቫልቩ ቆሽሿል፣ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል።

እንግዲህ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ብሬከሩ እንደጠፋ ሙቁን ክፈቱ፣ ማስነጠሱ አብቅቶ ውሃው ቀጥ ብሎ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ከዚያ አብሩ። ማብሪያው ሥር በወረቀት ቢለጠፍ የቤቱ ሰው ሁሉ ያየዋል።

ወደ መብራቱ ስንመለስ፣ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ኤለመንትን አያቃጥልም፣ ያዘገየዋል እንጂ። በ220 ቮልት 1,500 ዋት የሚሰጠው ኤለመንት በ180 ቮልት የሚሰጠው 1,000 ዋት ገደማ ነው። ከላይ ያለው 50 ሊትር በሙሉ ቮልቴጅ በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ይደርሳል፤ በ180 ቮልት ግን 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ማታ ማታ «ቦይለሩ ደከመ» ከተባለ ከመፍታት በፊት ሶኬቱን በመልቲሜትር ለኩ።

ኤለመንቱን ለመለካት ብሬከሩን አጥፍታችሁ ሽቦዎቹን ከጫፎቹ አላቅቁ። ባለ 1,500 ዋት ከሆነ 32 ኦም አካባቢ፣ ባለ 2,000 ዋት ከሆነ 24 ኦም አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተቆርጧል። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ ከብረት አካሉ ጋር በሜጋ ኦም ላይ ለኩ፤ ቁጥር ካነበበ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው እያፈሰሰ ነውና ቢያሞቅም ይጣል። ልኬቱ ደህና ሆኖ የማያሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱ ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ ጫኑ፤ ሙቀት ሲበዛ ኤሌክትሪኩን የሚያጠፋው መቁረጫ መመለሻ ናት። ደጋግማ የምትዘል ከሆነ ግን እየተጫነች መኖር የለባትም፤ ወይ የቴርሞስታቱ ኮንታክት ተጣብቋል፣ ወይ ኤለመንቱ ኖራ ለብሷል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ግፊት በሌለበት ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። መቁረጫው ቢዘገይ ቦይለሩ ገና ሳይቆርጥ መንተክተክ ሊጀምር ይችላል ማለት ነው። ማስተካከያውን 60 ላይ አድርጉት፤ 75 ላይ ማቆየት ኖራውን ያበዛል።

ሲከፈት ውሃው ይራገፍ፣ ኤለመንቱን የያዘው ክዳን (ፍላንጅ) ቡሎኖች በመስቀለኛ ይፈቱ፣ ጎሚኒው በአዲስ ይተካ። ኤለመንቱ ላይ ያለውን ኖራ በቢላ አትፋቁት፤ አቼቶ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ነክራችሁ በፕላስቲክ ብሩሽ እሹት። የማግኒዥየሙ ዘንግ ግን አስቀድሞ ይፈታ፣ አቼቶ ይበላዋል። ይህ ዘንግ ሥራው ከሆዱ ይልቅ ራሱ መበላት ነው። ውፍረቱ በግማሽ ከቀነሰ ወይም የውስጥ ሽቦው ከታየ ይቀየር፤ ጥርሱ እንደ ቦይለሩ ዓይነት ስለሚለያይ አሮጌውን ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ያዋጣል። ታች የተኛው ደለል በውሃ ይታጠብ፣ በሽቦ ብሩሽ ግን አይነካ። ለዚህ ሥራ የሚመቸው ወር ጥቅምት ነው፤ የክረምቱ ድፍርስ ውሃ አልፎ ሮቶውም አብሮ የሚታጠብበት።

ኤርዝ የሌለው ቦይለር ባይሠራ ይመረጣል። ገመዱ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ብሬከሩ ባለ 16 አምፔር፣ ማብሪያው ፌዝና ኒውትራሉን አንድ ላይ የሚቆርጥ ይሁን፤ በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ (ሊኬጅ ሲኖር) የሚዘል ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ይጨመር። ክፍሉ በረደ ብሎ ከሰል ይዞ ሻወር ቤት መግባት ግን በፍጹም፤ ገዳዩ ጋዝ ሽታ የለውም።

የሞላ ቦይለር 70 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀዳዳ ብሎኬት ላይ ፊሸር አይታመንም፤ ግድግዳውን አልፎ በጀርባው በብረት ሳህን የሚታሰር ቡሎን ያስፈልጋል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ከመሬት የሚነሳ የብረት መቆሚያ ይሠራለት።

የሙቁ መስመር ፒፒአር (በሙቀት የሚጣበቅ የፕላስቲክ ቧንቧ) ከሆነ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ሲጣበቅ በ260 ዲግሪ 5 ሰከንድ ይሞቃል፤ ከዚያ ካለፈ ቀልጦ ውስጡ ይጠባል፣ ሻወሩም «ግፊት የለውም» ይባላል። 10 ሜትር መስመር 1.4 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ሙቁ እስኪደርስ የሚወርደው ቀዝቃዛ ይኸው ነውና ባልዲ ይቀመጥለት።

ማግኒዥየም ስትቀይሩ ቀኑን ክዳኑ ውስጥ በማርከር ጻፉ። ስንት ወር እንደቆየ ከነሰፈሩ፣ ከአዘዞም ይሁን ከማራኪ፣ እዚሁ ብታሰፍሩት በሚቀጥለው ዙር የመቀየሪያውን ጊዜ በሰፈር ለይተን እናወጣለን።