አበል የማይሸፍነው የሥራ ጉዞ ወጪ

የሥራ ጉዞ የሚበዛበት ሰው ድካሙን የሚቆጥረው ውጭ ባደረባቸው ሌሊቶች ነው። እኔ ግን መዝገብ መያዝ ከጀመርኩ ወዲህ ከባዱ ወጪ ከተመለሱ በኋላ እንደሚመጣ አይቻለሁ። መዝገቡ አራት ዓምድ ብቻ አለው፦ ከቤት የወጣሁበት ሰዓት፣ ውጭ ያደርኩት ሌሊት፣ በየሌሊቱ የተኛሁት ሰዓት፣ ከተመለስኩ በኋላ እንደ ወትሮዬ ለመሥራት የፈጀብኝ ቀን። አራተኛውን የሚጠይቅ አለቃ የለም፤ በጉዞ መጠየቂያ ቅጽ ላይም ቦታ የለውም። የሦስት ቀን ስብሰባ በተግባር ስድስት ቀን እንደሚበላ የሚያሳየው ግን እሱ ነው፤ አንድ ለመሄጃ፣ ሦስት ለስብሰባው፣ አንድ ለመመለሻ፣ አንድ ለማገገሚያ።

ስለዚህ ጉዞ ከመቀበሌ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ አስጨርሳለሁ። የዕረፍት ቀኔን መንገድ ላይ ካሳለፍኩ ምትኩን መቼ እወስዳለሁ? በሌለሁበት ሥራዬን ማን ይይዛል? በተመለስኩ ማግሥት ስብሰባ አይያዝብኝም ወይ? ጉዞው ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ ምትክ ዕረፍት ብዙውን ጊዜ ተረስቶ ይቀራል። በኢሜይሌ ላይ የማስቀምጠው መልእክትም የመመለሻዬን ቀን ከእውነተኛው በአንድ ቀን አስረዝሞ ይናገራል። ያቺ አንድ ቀን የተጠራቀመውን ሥራ ለማየት ትበቃለች።

የሰዓት ልዩነት ባለበት ጉዞ ሰውነት የሚላመደው በቀን በግምት አንድ ሰዓት ያህል ነው። እንቅልፍና ንቃትን የሚመራው የሰውነታችን የውስጥ ሰዓት በአብዛኛው ሰው ላይ ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚረዝም፣ ቀኑን የሚያሳጥረው ወደ ምሥራቅ መሄድ ይከብዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በብርሃን አጠቃቀም ነው። ቤቴ ጠዋት 12 ሰዓት የምነሣ ከሆነ የሰውነቴ ሙቀት በጣም ዝቅ የሚለው ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ነው። ስድስት ሰዓት ወደ ምሥራቅ ስሄድ ያ ሰዓት በደረስኩበት አገር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ይውላል። ከዚያ በፊት ያየሁት ደማቅ ብርሃን የውስጥ ሰዓቴን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ከዚያ በኋላ ያየሁት ወደፊት ይገፋዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ጠዋት እስከ 4 ሰዓት መጋረጃ ዘግቼ እቆያለሁ፤ መውጣት ግድ ከሆነ ጥቁር መነጽር አደርጋለሁ፤ ከዚያ ደጅ ወጥቼ እስከ ቀትር ብርሃን አገኛለሁ። በማግሥቱ ከ3 ሰዓት እጀምራለሁ፤ እንዲህ በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት አስቀድማለሁ። ቆይታው ከሦስት ቀን የማይበልጥ ከሆነ ግን መላመዱን ትቼ በተቻለኝ መጠን በቤቴ ሰዓት እተኛለሁ። ቡና ከመኝታ ስምንት ሰዓት በፊት ይቆማል።

በአዲስ ቦታ የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ መቅለሉ የሰነፍ ሰበብ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በዚያ ሌሊት ከአንጎል አንደኛው ክፍል ከሌላው ቀለል ያለ እንቅልፍ እንደሚተኛ አሳይቷል። ወሳኝ ድርድር ካለ አንድ ሌሊት ቀድሞ መድረስ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ለበጀት ክፍሉም የማቀርበው ምክንያት ይኸው ነው።

ስለ መቀመጥ ደግሞ በቁም ነገር ላስጠንቅቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በጥቅሉ አደጋው ትንሽ ነው፤ ከ6,000 መንገደኛ አንድ ያህል። በተከታታይ የሚጓዝ ሰው ግን ይበልጥ ይጋለጣል። አውቶቡስና መኪናም እንደ አውሮፕላን ናቸው። በየሰዓቱ ተነሥቶ መራመድ፣ ካልተቻለ ተረከዝንና ጣትን እያፈራረቁ ማንሣት ባትን ያሠራል። ከጉዞ በኋላ አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ አይታሽም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

የሒሳብ ማወራረዱ ጣጣ ትንሽ ይመስላል፤ ከኪስ የሚያስወጣው ግን እሱ ነው። ብዙ ደረሰኝ የሚታተመው ሙቀት በሚያጠቁረው ወረቀት ላይ ነው። በመኪና መስታወት ሥር የተተወ ይጠቁራል፤ በፕላስቲክ ውስጥ የቆየ ጽሑፉ ይጠፋል። እኔ በተቀበልኩበት ቅጽበት ፎቶ አነሣዋለሁ፤ ጀርባው ላይ ቀኑንና ምክንያቱን በእርሳስ እጽፍበታለሁ፤ ከዚያ በወረቀት ፖስታ ውስጥ አኖረዋለሁ። ሒሳቡን ከተመለስኩ በ48 ሰዓት ውስጥ አወራርዳለሁ፤ ሳምንት ካለፈው የትኛው ታክሲ ለምን እንደነበረ አይታወስም።

የቤቱን ነገር ጨርሼ አልፈታሁትም። ስልክ በተመቸ ጊዜ ከመደወል ይልቅ ሰዓቱ የታወቀ የአሥር ደቂቃ ጥሪ ይሻላል፤ ልጅ ቀኑን የሚያሰላው በእሱ ነውና። ስመለስ ደግሞ በመጀመሪያው ምሽት ስለ ቤቱ አሠራር አስተያየት አልሰጥም። እኔ በሌለሁበት የቀረው ሰው ራሱን አደራጅቶ ነው የሰነበተው።

በ2018 እ.ኤ.አ. የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በወር 14 ሌሊትና ከዚያ በላይ ለሥራ ውጭ በሚያድሩ ሰዎች ላይ ከ1 እስከ 6 ሌሊት ከሚያድሩት የባሰ የእንቅልፍ፣ የክብደትና የጭንቀት ችግር አግኝተዋል። የእኔ ጣሪያ በወር 8 ሌሊት ነው። ሲያልፍ መዝገቡን ይዤ አለቃዬ ዘንድ እገባለሁ፤ በአራተኛው ዓምድ ብዙ ቀን የበሉትን ጉዞዎች አስምሬባቸው፣ የትኛው በቪዲዮ ስብሰባ ሊተካ እንደሚችል አብረን እንለያለን።