እምነትና የአዲስ አበባ የሥራ ቀን

ዘመናዊ ኑሮ ሃይማኖትን ከአደባባይ አውጥቶ በየሰው ልብ ብቻ ያስቀረዋል የሚል ሐሳብ በተማረው ወገን ዘንድ ዘወትር ይሰማል። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባለው መሀል ከተማ እየኖርኩ የማየው ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እምነት የሥራ ሰዓቱን፣ ገበያውንና ማዕዱን ሳይቀር ይመራል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀናት ብዙዎቹ የክርስቲያን ሉካንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ምግብ ቤቶችም ክትፎውንና ጥብሱን ትተው ወደ ሽሮና በያይነቱ ይዞራሉ፣ ኬክ ቤቶች ደግሞ ወተትና ቅቤ የሌለበት የጾም ኬክ በመስኮታቸው ይደረድራሉ። በከተማዋ ዙሪያ ላም የሚያረቡ ሰዎች በዚህ ወቅት ወተታቸውን የሚረከባቸው ስለሚያንስ ቅቤ እያወጡ ማቆየት ግድ ይሆንባቸዋል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ የዶሮ፣ የእንቁላልና የቅቤ ዋጋ ሽቅብ ይወጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አዋጅ ወይም ተቆጣጣሪ አይደለም። ሰው በፈቃዱ ራሱን ሲገዛ አንድ ትልቅ ከተማ ምን ያህል አብሮት እንደሚንቀሳቀስ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላገኘሁም።

ዐርብ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ5፡30 እስከ 7፡30 ሥራ ያቆማሉ፤ በፒያሳው ኑር መስጂድ አካባቢ ሰጋጆች ምንጣፋቸውን እያነጠፉ ሲሰለፉ፣ ወደ ጁምዓ የሚሄደው ነጋዴ «እስክመለስ ሱቁን እይልኝ» ብሎ ቁልፉን ለክርስቲያን ጎረቤቱ ይተዋል። ጎረቤቱም ደንበኛ ሲመጣ ዋጋውን አውቆ ይሸጥለታል።

ሆኖም ይህ መከባበር በሕግ ደረጃ የመጣው ብዙ ተጠይቆበት ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ደንግጎ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነትና ለበዓላቸው መከበር አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል፤ ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት የሆኑት ከዚያ በኋላ፣ በደርግ ዘመን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደነገገ፤ ይህም እምነትን ከአደባባይ አላስወጣውም፣ ይልቁንም አንዱ እምነት በመንግሥት ጉልበት ሌላውን እንዳይጫን አደረገ እንጂ። እኔ በበኩሌ ለምእመናኑም ለመንግሥቱም የሚበጀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚያሳዝነኝ በግል ድርጅቶች ዘንድ የማየው ነው። ዐርብ ለሶላት የሚወጣ ሠራተኛ ሰዓቱ ከደመወዙ ሲቆረጥበት፣ በስቅለት ዕለት ልትሰግድ የምትፈልግ ሻጭ ፈቃድ ስትከለከል ሰምቻለሁ። ሠራተኛው ያጓደለውን ሰዓት ጠዋት ቀድሞ በመግባት ወይም ማታ ዘግይቶ በመውጣት ሊያሟላ ስለሚችል፣ አሠሪዎች ይህን በቅጥር ውላቸው ውስጥ በግልጽ ቢያሰፍሩት ሥራቸው አይጎዳም፤ የሠራተኛውም ኅሊና ያርፋል።