ልጄ በሯን መዝጋት ስትጀምር

ልጄ 13 ዓመት ካለፋት ወዲህ ክፍሏ ገብታ በሩን መዝጋት ጀመረች። «እንዴት ዋልሽ?» ስላት «ደህና» ብላ ታልፋለች። ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወሬዋ ማለቂያ አልነበረውም። ሆድ ያስብሳል፤ ለማንም እናት ቀላል ነው አልልም። ግን ልጅቷ አልጠላችኝም። የራሷ ሰው እየሆነች ነው። ያሳደግኳትም ለዚሁ ነው።

ኃላፊነቱን ባንዴ ከመልቀቅም፣ ሙጭጭ አድርጎ ከመያዝም አንድ በአንድ ማስረከብ ይሻላል አልኩ። የጀመርኩት ከጠዋት መነሳት ነው። በጉርምስና ጊዜ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ማታ የሚመነጨው ዘግይቶ ነው። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል። አምሽታ የምትተኛው፣ ጠዋትም አልነሳ የምትለው በስንፍና አለመሆኑን ማወቄ ንትርኩን ቀነሰልኝ። ለእሷም ይህንኑ ነገርኳትና «ከእንግዲህ የመኝታና የመነሻ ሰዓትሽን አንቺው ያዢው» አልኳት።

አንድ ቀን አላርሙ ጮኸ። ጠፋ። እንደገና ጮኸ፤ እንደገና ጠፋ። እኔ ወጥ ቤት ተቀምጬ እሰማለሁ። ተነሺ ተነሺ ይለኛል፤ እንደምንም ችዬ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፣ በአንድ እግሯ ብቻ ካልሲ አድርጋ ብቅ አለች።

«እማዬ፣ ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«አንቺ ትነሻለሽ ብዬ ነዋ።»

አኩርፋ ወጣች። ማታ ግን ስልኳን ከትራሷ ሥር አውጥታ ወዲያ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። አላርሙን ለማጥፋት የግድ ከአልጋ መውረድ አለባት ማለት ነው። መላውን እኔ ባመጣው ኖሮ እሺ የምትለኝ አይመስለኝም።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ዝምታዋ ነው። ምን እንደምትውል፣ ምን እንደሚያሳስባት ማወቅ እፈልጋለሁ። የልጆቻቸውን ስልክ ተደብቀው የሚያነቡ ወላጆች አሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ እኔ ግን አላደርገውም። ስዊድን ውስጥ የሠሩ ሆካን ስታቲንና ማርጋሬት ኬር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ውሎ የሚያውቁት በአብዛኛው በቁጥጥር ሳይሆን ልጆቹ በፈቃዳቸው ሲነግሯቸው መሆኑን አሳይተዋል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጥያቄ ማብዛቱን ትቼ፣ ለወሬ የሚመች ጊዜ መፈለግ ያዝኩ።

ፊት ለፊት አስቀምጬ ስጠይቃት የማትነግረኝን ዕቃ ስናጥብ ትነግረኛለች። እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ታደርቃለች፤ ዓይን ለዓይን አንተያይም። አንድ ማታ የቅርብ ጓደኛዋ ከሌሎች ጋር ሆና እንዳገለለቻት አነሳችልኝ። ምክሩ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ያንኑ ሳህን ደጋግሜ እያጠብኩ «እሺ፣ ከዚያስ?» ብቻ አልኩ። ቀጠለች። እንባዋም መጣ። ስትጨርስ «ነገ ራሴ አናግራታለሁ» አለች። አናገረቻትም።

ሁሉንም ግን አልለቀቅኩም። የት እንደምትሄድ፣ ከማን ጋር እንደምትሆን መናገሩ ግዴታ ነው። ችኮላን የሚገታውና መዘዙን የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን ይቀጥላል። በዚያ ላይ በዚህ ዕድሜ ጓደኛ አጠገብ ሲሆን ድፍረቱ ይጨምራል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ነገር ቀለል አድርጌ አላየውም። የመመለሻ ሰዓቷን በተመለከተ ግን እንነጋገራለን። መጀመሪያ እሷ ታቀርባለች፣ እኔ ሐሳቤን እሰጣለሁ፣ የተስማማንበት ይጸናል። ካከበረችው ሌላ ጊዜ እጨምርላታለሁ። አንድ ቃልም ሰጥቻታለሁ። የትም ሆና ነገሩ ካላማራት ትደውልልኝ፤ በየትኛውም ሰዓት እመጣለሁ። ጥያቄው ለነገ ይደር።

አሁን ደግሞ አክስቷ ጋ ብቻዬን በአውቶቡስ ልሂድ እያለች ነው። የት እንደምትሳፈር፣ የት እንደምትወርድ፣ አውቶቡሱ ቢያመልጣት ምን እንደምታደርግ ጽፋ አሳይታኛለች። ገና እሺ አላልኩም። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። እሷ ትመራለች፤ እኔ ካልጠየቀችኝ አልናገርም። ከዚያ በኋላ እንወስናለን።