ጋሼ በጓሮ በር ገቡ

የምሠራው ፓሪስ ውስጥ ነው፤ ትላልቅ ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው የሚያሰናዱትን ድግስ በሚያደራጅ አነስተኛ ድርጅት። ድግሱ ለተራ ስብሰባ ከሆነ ከተማ ውስጥ ያለ ሆቴል ይበቃል። ገንዘብ የተረፋቸው ኩባንያዎች ግን ሆቴል ሰልችቷቸዋል። የሚፈልጉት ገጠር ነው፤ ያውም ንጉሥ ያደረበት፣ ከተቻለም ንጉሥ የተቆጣበት ግንብ። ፈረንሳይ በዚህ አትታማም። በሕግ የተጠበቁ ታሪካዊ ሕንፃዎቿ ከ40 ሺህ በላይ ሲሆኑ ግማሽ የሚጠጉት በግለሰቦች እጅ ናቸው። ባለቤቶቹ ብዙውን ጊዜ ስም እንጂ ጥሬ ገንዘብ የላቸውም። ጣሪያ ያፈሳል፤ ጣሪያውን የሚሸፍነው ጥቁር የድንጋይ ሰሌዳ ውድ ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ ለሰርግ፣ ሐሙስ ለኩባንያ እራት ያከራያሉ።

ጎንደር ተወልዶ የፋሲል ግቢን አጥር እየታከከ ላደገ ሰው የድንጋይ ግንብ ብርቅ አይደለም። ቢሆንም ሎዋር ወንዝ አካባቢ ያሉትን ግንቦች መጀመሪያ ሳይ አፌን ይዣለሁ። ቀዳማዊ ፍራንሷ እ.ኤ.አ. በ1519 ግንባታውን ያስጀመረው ሻምቦር ግቢውን የሚዞረው አጥር ብቻ 32 ኪሎ ሜትር ነው። ሸኖንሶ ደግሞ ሼር የሚባለውን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ የቆመ ቤት ነው። ወንዙ ላይ የተዘረጋው 60 ሜትር አዳራሹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል ነበር። እንደነዚህ ያሉት ስመ ጥር ቦታዎች በየዓመቱ ብዙ ሕዝብ ማስተናገድ ስለለመዱ ሥራቸው ያለቀለት ነው፤ ስንት ሰው የት እንደሚቆም በወረቀት ተጽፎ ይጠብቅሃል። ጣጣ ያለው ከትንንሾቹ ዘንድ ነው፤ ስማቸው በቱሪስት ካርታ ላይ ከማይጎላ፣ ባለቤቶቹ አሁንም አንዱ ክንፍ ውስጥ ከሚኖሩባቸው ቤቶች።

የድርጅታችን የቴክኒክ ኃላፊ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው፣ ዕድሜያቸውን ቲያትር ቤት መብራት ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቢሮ ውስጥ ትንሽ ትልቁ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ እኔ ግን በልቤ ጋሼ ነው የምላቸው፤ አንቱታውም ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር የቫቴልን ታሪክ ያወሩለታል። ቫቴል የኮንዴ ልዑል የድግስ አለቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1671 ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሻንቲዪ በሚባለው የልዑሉ ግንብ ለሦስት ቀን ሲጋበዝ፣ ለዓርብ ጾም የታዘዘው ዓሣ በሰዓቱ አልደረሰም ብሎ በገዛ ሰይፉ ሞተ። ዓሣው የደረሰው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ሌሎች ይህን የሚያወሩት ስለ ሰውዬው ክብር ነው። ጋሼ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፦ «የዓሣው ጋሪ በየትኛው መንገድ ነበር የሚመጣው? ሄዶ ያየው ሰው ነበር?»

የዚያ ዓመት ደንበኛችን የሽቶና የመዋቢያ ምርቶች ኩባንያ ነበር። 120 እንግዶች፣ የሰኔ ወር መጨረሻ፣ አንድ ምሽት። ለበጀቱ አልሰሰቱም፤ ለውበቱም እንዳንሰስት አስጠንቅቀውናል። በየካቲት ብርድ የኩባንያውን የኮሙኒኬሽን ኃላፊ፣ የእኛን የሽያጭ ባልደረባ፣ ጋሼንና እኔን ያካተተ ቡድን ከፓሪስ ተነስቶ ቱሬን ወደሚባለው ገጠር ወረደ። ያየነውን ቤት ስም አልጠቅስም። ውኃ የሞላው ቦይ የከበበው፣ ነጭ ድንጋይ፣ ሹል ጣሪያ፣ በሩ ላይ ሁለት የድንጋይ አንበሶች። ማዳም፣ የቤቱ ባለቤት፣ ሰማንያን የተሻገሩ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን።

ሁላችንም በዋናው ደረጃ ወጣን። ጋሼ ግን ከመኪናው እንደወረዱ ከአትክልተኛው ጋር ተጨባብጠው በቤቱ ጀርባ ጠፉ።

አዳራሹ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ጣሪያውን የተሸከሙት የኦክ እንጨት ሠረገላዎች ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ የአደን ሥዕል የተሸመነባቸው ትላልቅ መጋረጃዎች ተሰቅለዋል፤ ምድጃው ውስጥ ሰው ይቆማል። ማዳም አስቀድመው እሳት አስነድደዋል፤ አዋቂ ሻጭ ናቸው። ደንበኛችን፣ የኮሙኒኬሽን ኃላፊዋ፣ መሀል ወለሉ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ ዞረችና «እዚሁ ነው» አለች። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሻማ በሻማ፣ ከእራት በፊት ልክ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የቤቱ ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ የሽቶው ፊልም ይታያል። የሽያጭ ባልደረባችን ስልኩን አውጥቶ ዋጋ መደመር ጀመረ። ማዳም የዛሬ ሰባ ዓመት አባታቸው በዚሁ አዳራሽ ሁለት መቶ ሰው ጠርተው እንደደገሱ ነገሩን። እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ተቃውሞ ማቅረብ ከለቅሶ ቤት ዕዳ እንደመጠየቅ ነው።

ጋሼ የገቡት በዚህ መሀል ነው፤ ያውም በበር ሳይሆን በግድግዳ። ከምድጃው አጠገብ ያለው የእንጨት ልባጥ ተንቋቅቶ ተከፈተና ጫማቸው ጭቃ የለበሰ፣ ትከሻቸው ላይ የሸረሪት ድር የተንጠለጠለ ሰውዬ ብቅ አሉ። የድሮ አገልጋዮች ሾርባ የሚያመላልሱበት ድብቅ ደረጃ ኖሯል። ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ያንኑ በር ለኩ። ከጠርዝ ጠርዝ 62 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ወደ ዋናው በር ሄደው እሱንም ለኩ፤ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፉ፤ ምንም አላሉም።

የፈረንሳይ ሕግ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ሕዝብ የሚገባበት አዳራሽ ከ100 ሰው በላይ የሚይዝ ከሆነ ቢያንስ ሁለት መውጫ ያስፈልገዋል፤ ስፋቱም እንደ ሰዉ ቁጥር ይሰላል። ለ120 ሰው አንደኛው መውጫ 1 ሜትር ከ40፣ ሁለተኛው 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ያስኬዳል። የሾርባው በር በ62 ሳንቲ ሜትሩ ከሁለተኛ መውጫ አይቆጠርም። አስፍተን እንሥራው እንዳይባል ቤቱ በታሪካዊ ሐውልቶች ሕግ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1913 የወጣው ይህ ሕግ በጥበቃ ሥር ያለን ግድግዳ ያለ መንግሥት ፈቃድ እንድትነካ አይፈቅድም። ሰኔ ደርሶ ፈቃዱ ይመጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ደግሞ የፈረንሳይን ቢሮ አያውቅም።

ማዳም ተቆጡ። «አባቴ ሁለት መቶ ሰው ጋብዘው ነበር!» አሉ ደግመው።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ያን ጊዜ፣ ማዳም፣ ከንቲባው ራሱ ከተጋባዦቹ አንዱ ነበር። ዛሬ ፈራሚው እሱ ነው።»

ሴትየዋ ለመሳቅም ለመቆጣትም ወሰን ላይ ቆመው ቆዩና ሳቁ። እዚህ አገር የሕዝብ መሰብሰቢያ ሥፍራ እንዲከፈት የሚፈቅደው ከንቲባው ነው፤ የደኅንነት ኮሚሽኑ አይቶ አስተያየቱን ይሰጣል፣ ፊርማው ግን የከንቲባው ነው። አነስተኛ መንደር ውስጥ ደግሞ ከንቲባው ብዙውን ጊዜ ጎረቤት ነው። አንድ ነገር ቢደርስ ፍርድ ቤት የሚቆመውም እሱ ነው።

ጋሼ ከዚያ ወዲያ ያወሩት ከሳሎኑ ጀርባ ያገኙትን ነው። ወጥ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ የመዳብ ድስቶቹ ለፎቶ ያምራሉ፣ እስከ አዳራሹ ግን ሁለት ዙር ደረጃ ይወጣል፤ 120 ሳህን ትኩሱን አይደርስም። የቤቱ የኤሌክትሪክ ውል ለመኖሪያ ቤት የሚፈቀደው የመጨረሻው፣ 36 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው። ምግብ አቅራቢያችን የሚያመጣቸው ምድጃዎች ብቻቸውን ይህን ይውጡታል፤ ሙዚቃውና መብራቱ ከዚያ በኋላ ነው። ጄኔሬተር ይምጣ ቢባል የግቢው ድልድይ ከባድ መኪና አይችልም። አውቶቡሶቹስ? አውቶቡስ 2 ሜትር ከ55 ይሰፋል፤ መስታወቶቹን ሳይጨምር። በሁለቱ አንበሶች መካከል ጋሼ የለኩት 2 ሜትር ከ70 ነበር። «አንዱ አንበሳ አፍንጫ የለውም» አሉ፤ «ከእኛ በፊት የሞከረ አለ።»

ስለ ሻማው ግን ብዙ ማለት አላስፈለገም። በዚያ እንጨትና ጨርቅ መሀል የሻማ ነገር ሲነሳ ደንበኛችን ራሷ ወደ ጣሪያው አንጋጣ አየችና ዝም አለች። የፓሪሱ ካቴድራል ኖትር ዳም ሲነድ ያላየ ፈረንሳዊ የለም።

የፊልሙ ነገር ግን ማናችንንም ያልታየን ነበር። በየካቲት ከምሽቱ 3 ሰዓት ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ እኛም የቆምነው የካቲት ውስጥ ነው። በሰኔ መጨረሻ ቱሬን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚታይ ፊልም እስኪጎላ ወደ 5 ሰዓት ይደርሳል። አሥራ ሁለት ሰዓት ከመንፈቅ ሲጠልቅ ለለመደ የእኛ አገር ሰው ይህ ገና ዛሬም አይዋጥለትም። በዚያ ላይ የቤቱ ፊት ወደ ምዕራብ ነው፤ የማታ ፀሐይ በሙሉ እሱ ላይ ነው የምታርፈው።

ይህን ሁሉ ሰምታ ደንበኛችን ፊቷ ጠቆረ። የሽያጭ ባልደረባችን ጋሼን የሚያይበት ዓይን ቢገድል ኖሮ ያኔ ገድሎ ነበር። ግን ጋሼ አስቀድመው መፍትሔውን ይዘው ነው በግድግዳ የገቡት። አትክልተኛው ከቦዩ ወዲያ ማዶ ያለውን የድሮ የብርቱካን ቤት አሳይቷቸዋል፤ በብርዱ ወራት የብርቱካን ዛፎች በበርሜል እየተተከሉ የሚጠለሉበት ረጅም የድንጋይ ቤት ነው። መሬት ላይ ነው፣ ወደ አትክልቱ የሚከፈቱ አራት ሰፋፊ በሮች አሉት፣ ከጀርባው የእርሻ መንገድ ስላለ የምግብ አቅራቢው መኪናና ጄኔሬተሩ በዚያ ይገባሉ። ማዳም ለመንደሩ ሰርጎች ሲያከራዩት ስለቆዩ የደኅንነት ኮሚሽኑም አይቶታል፤ መዝገቡ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ለኩባንያ እራት አይመጥንም ብለው ነው እኛን ወደዚያ ያላስጠጉን። የድንች ማዳበሪያና የተሰበረ ወንበር ሞልቶት ነበር።

ደንበኛችን እንድትወደው ያደረጋት ግን የጋሼ ሐሳብ ነው፦ እንግዶቹ ሲደርሱ አምስት ስድስት እየሆኑ፣ ማዳም ራሳቸው እየመሯቸው፣ ወደ ትልቁ አዳራሽ ወጥተው እሳቱንና ሥዕሎቹን ያያሉ፤ ሽቶው እዚያ፣ በምድጃው አጠገብ ይቀርብላቸዋል። ከዚያ ወርደው ድልድዩን በእግር ተሻግረው እራት ይቀመጣሉ። ፊልሙ ቀርቶ፣ ከእራት ሲወጡ ቤቱ ከሩቅ በርቶ ይጠብቃቸዋል። ማዳምን በአስጎብኚነት መቅጠር በበጀቱ ውስጥ አልነበረም፤ ጨመርነው፤ ከተከፈለው ሁሉ ዋጋውን ያወጣው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ፓሪስ ስንመለስ ጋሼን ለምን በር ላይ እንደሚለዩን ጠየቅኳቸው። «ባለቤቱ ቤቱን የሚያውቀው በእንግዳ ዓይን ነው» አሉኝ። «በሰኔ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሣር አጫጁ ነው።» ማስታወሻቸውን ገልጠው ያላነበቡልንን አንድ መስመር አሳዩኝ፦ እንቁራሪት። አትክልተኛው የነገራቸው ነው። ቦዩ በየካቲት ጸጥ ያለ ነው፤ በሰኔ ግን ፀሐይ እንደጠለቀች ሰው ከሰው አያደማምጥም። እነሱንም ማባረር አይቻልም፤ በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ግድግዳው በአንድ ሕግ፣ እንቁራሪቱ በሌላ ሕግ። ስለዚህ በአትክልቱ ውስጥ ሊደረግ የነበረው የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ንግግር ወደ ብርቱካን ቤቱ ገባ፣ ሰዓቱም ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ሆነ።

በዕለቱ አውቶቡሶቹ ከአንበሶቹ ውጭ ቆሙ፤ እንግዶቹ ጠጠሩን በእግር ሄዱ፤ ረጅም ተረከዝ ላደረጉት ጠፍጣፋ ጫማ በየቁጥሩ በቅርጫት አስቀምጠን ነበር። ንግግሩ በጸጥታ ተሰማ፤ ምግቡ ትኩስ ቀረበ። ከእራት በኋላ በሮቹ ሲከፈቱ ቤቱ ማዶ በርቷል፣ ቦዩም በሙሉ ድምፁ ተነስቷል። ዋና ሥራ አስኪያጁ ቆም ብለው አዳመጡና የሽያጭ ባልደረባችንን ጠርተው፣ ድምፅ ማጉያዎቹን የት እንደደበቅናቸውና ይህ ነገር ስንት እንዳስወጣ ጠየቁት። ባልደረባችን ጋሼን አየ፤ ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሱም በጣም እያዘነ እውነቱን ተናገረ።