የአካውንቲንግ ምሩቅ የመጀመሪያ ሥራውን ሲመርጥ

በአካውንቲንግ ተመርቀው፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፈው ሥራ የሚያፈላልጉ ወጣቶች ክረምት በገባ ቁጥር ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ «ባንክ ይሻላል ወይስ የግል ድርጅት?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔ ግን ከእርሱ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ። በዚህ መሥሪያ ቤት ብቀጠር፣ የአንድ በጀት ዓመት ሂሳብ ከምዝገባው እስከ መዝጊያው ሲሠራ አያለሁ ወይ? የሠራሁትንስ አይቶ የሚያርመኝ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ? ለጀማሪ ከደመወዙም ከመሥሪያ ቤቱ ስምም በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው የሚለው እምነቴ፣ በሙያው በቆየሁ ቁጥር እየጠነከረ መጥቷል።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ሰው የመምረጥ ዕድል የለውም። በጋዜጣና በቴሌግራም ቻናሎች ከሚወጡት የሥራ ማስታወቂያዎች አብዛኞቹ የሁለትና የሦስት ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ፤ «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ደግሞ የአመልካቹ ብዛት አይጣል ነው። ቤተሰብ የሚጠብቀው ልጅ የተገኘውን ሥራ ቢይዝ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ነገር ግን የተገኘውን የያዘ ሰውም ቢሆን፣ ከያዘው ሥራ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚቀርበት ቢያውቅ ቀጣዩን እርምጃ በጊዜ ያስባል።

ከባንክ ልጀምር። ባንክ ደመወዙ በቀኑ ይገባል፣ የዕድገት መሰላሉ የታወቀ ነው፣ ለሠራተኛው የሚሰጠው ብድርም ብዙዎችን ይስባል። ይሁን እንጂ አዲስ ገቢ ምሩቅ በአብዛኛው የሚመደበው ቅርንጫፍ ላይ፣ በደንበኞች አገልግሎት ወይም በገንዘብ ተቀባይና ከፋይነት ነው። እዚያ የሚማረው ጥንቃቄን፣ ፍጥነትንና ከሰው ጋር መግባባትን ነው፤ ምሽት ላይ ገንዘቡን ቆጥሮ ከሲስተሙ ጋር ሲያመሳክር ጉድለት ቢገኝ ከኪሱ ሊተካ የሚችል መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ለቁጥር ያለው ጥንቃቄ ከፍ ይላል። የባንኩ የሂሳብ መግለጫ የሚዘጋጀው ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ባንኮች ከ2010 በጀት ዓመት ጀምሮ ሪፖርታቸውን በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ በተለምዶ አይኤፍአርኤስ በምንለው፣ ሲያቀርቡ የብድር ኪሳራ እንዴት እንደሚገመት፣ የኪራይ ውል እንዴት እንደሚመዘገብ የሚከራከሩት በፋይናንስና በሪስክ መምሪያዎች ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። ስለዚህ ባንክ የሚገባ ሰው በቃለ መጠይቁ ላይ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ፋይናንስ ወይም ወደ ውስጥ ኦዲት በውስጥ ማስታወቂያ ለመወዳደር ስንት ጊዜ ማገልገል እንደሚጠበቅበት ቢጠይቅ ነውር የለውም። መልሱ ድፍንፍን ያለ ከሆነ እርሱም ራሱ መልስ ነው።

እኔ ምርጫ ላለው ምሩቅ ሳላመነታ የምመክረው የሌሎች ድርጅቶችን ሂሳብ የሚመረምር የኦዲት ድርጅትን ነው፤ ደመወዙ ከባንክ ቢያንስ እንኳ። ምክንያቴን በአንድ ሥራ ላስረዳ። ጁኒየር ኦዲተር ሳለሁ ሰኔ 30 ቀን ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ የአንድ አስመጪ ድርጅት መጋዘን የዕቃ ቆጠራ ለመታዘብ ተላክን። የመጋዘኑ ኃላፊ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍባቸውን ቢን ካርዶች፣ እኔ ደግሞ ከፋይናንስ ክፍል የተሰጠንን ዝርዝር ይዘን በየመደዳው ካርቶን ስንቆጥር፣ ከበሩ አጠገብ የተደረደረው ዕቃ በእኔ ዝርዝር ውስጥ ጨርሶ እንደሌለ አየሁ። በቢን ካርዱ ላይ ግን ሰኔ 28 ቀን ገቢ ሆኗል። የቡድን መሪያችን መጥተው የዕቃ መረከቢያውን ቁጥር፣ ቀጥሎም የዓመቱን የመጨረሻ የገቢና የወጪ ሰነዶች ቁጥር እንድመዘግብ አዘዙኝ። ዕቃው መጋዘን ቢገባም የአቅራቢው ሰነድ ፋይናንስ ክፍል ስላልደረሰ፣ የድርጅቱ ንብረትም ዕዳውም አንሶ ሊታይ እንደነበር እዚያው ካርቶኖቹ መካከል ቆመው አስረዱኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ሰነድ በሌጀሩ፣ ማለትም በዋናው የሂሳብ መዝገብ ላይ ስፈልግ ሐምሌ ውስጥ ተመዝግቦ አገኘሁት፤ የማስተካከያ ምዝገባውንም ራሴ አርቅቄ አቀረብኩ። ኦዲት ድርጅት የሚገባ ጀማሪ እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ዓመት ውስጥ በአስመጪም፣ በፋብሪካም፣ በሆቴልም፣ በበጎ አድራጎት ድርጅትም ያያል። የሥራ ወረቀቱም በሲኒየሩና በማናጀሩ በቀይ እስክሪብቶ ተመልሶ ይመጣለታል። ያ ቀይ እስክሪብቶ በገንዘብ የማይተመን ትምህርት ነው።

ድካሙም አለ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሥራው ፋታ አይሰጥም፣ ቅዳሜና እሑድ የሚባል ነገርም አይኖርም። ሁሉም የኦዲት ድርጅት አንድ አይደለም። ከመግባታችሁ በፊት በኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ የተመዘገበ መሆኑን አረጋግጡ። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ሙያውን የሚቆጣጠረው ይኸው ቦርድ ነው።

ብዙ ምሩቅ በተግባር የሚቀጠረው ግን አነስተኛ የግል ድርጅት ውስጥ ነው፤ በጣም የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው። አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ብቻ ባለበት ድርጅት ጀማሪው ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ይመዘግባል፣ ከካሽ ሬጅስተሩ የሚወጣውን የዕለት ሽያጭ ማጠቃለያ (ዜድ ሪፖርት) ያሰባስባል፣ ደመወዝ ይሠራል፣ በየወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስና የጡረታ መዋጮ ያሳውቃል፣ የድርጅቱን መዝገብ ከባንክ መግለጫው ጋር ያስታርቃል። ከዚህ የበለጠ ሥራ በአጭር ጊዜ የሚያስተምር ቦታ ማግኘት ይከብዳል። የሚያርም ሰው ከሌለ ግን በመጀመሪያው ወር የተሠራ ስህተት ልማድ ይሆንና ሰውዬው የሦስት ዓመት ልምድ አለኝ እያለ የሦስት ዓመት ስህተት ይዞ ይዞራል።

ከዚህ የከፋም አለ። ሁለት መዝገብ የሚይዙ፣ አንዱን ለባለቤቱ ሌላውን ለግብር የሚያዘጋጁ ድርጅቶች መኖራቸውን በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል። ወጪ ለማብዛት ተብሎ የተገዛ ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥለት፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ «አልመዘግብም» ለማለት የሚችልበት አቅም ትንሽ ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጁ፣ በቁጥር 983/2008፣ በሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀም በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ መርማሪ ሲመጣም መዝገቡ ላይ የሚገኘው የሂሳብ ሠራተኛው እጅ ነው። ስለዚህ እዚያ ለመቀጠር የምትሄዱ ልጆች፣ ከእናንተ በፊት የነበረው ሠራተኛ ለምን እንደለቀቀ፣ ድርጅቱ የውጭ ኦዲተር እንዳለውና የታክስ ማሳወቂያውን ማን እንደሚፈርም ጠይቁ። ከተቻለ የቀድሞውን ሠራተኛ ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ደመወዙ ለጀማሪ ከሚከፈለው እጅግ የበለጠ ከሆነ ደግሞ ለምን እንደበለጠ ማወቅ አለባችሁ።

ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት የምለው ጥቂት ነው፤ ደመወዙ ዝቅተኛ ነው። ሆኖም ገቢዎች ሚኒስቴር በታክስ ኦዲት ላይ የሠራ፣ ወይም በፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት የሰለጠነ ሰው በኋላ የትም ቢሄድ የሚፈለግ ባለሙያ ይሆናል።

ኤሲሲኤ የተባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ ማረጋገጫ ለመማር ለምታስቡ አንድ ነገር ላክል። አሥራ ሦስቱን ፈተናዎች ማለፍ ብቻ አባል አያደርግም፤ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ በባለሙያ ተቆጣጣሪ ተረጋግጦ መቅረብ አለበት። ያን ሊያረጋግጥላችሁ የሚችል የተመሰከረለት ሒሳብ አዋቂ ያለበትን ቦታ ከመጀመሪያው መምረጥ በኋላ ዓመታት እንዳይባክኑ ይረዳል።

ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ቤተሰብን የሚነካውን ጉዳይ አትርሱ፤ ገንዘብ የሚነካ ሥራ ሁሉ ማለት ይቻላል ዋስ ይጠይቃል። አጎት ወይም የአባት ጓደኛ ከመሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ ሲያጽፉላችሁ ደመወዛቸውን ለእናንተ ስህተት እያስያዙ ነው። የዋስትናው መጠን ተወስኖ የተጻፈ መሆኑን፣ መቼ እንደሚወርድም አብራችሁ አንብቡ፤ ሥራ ስትለቁም ዋስትናው መነሳቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ተቀብላችሁ ለዋሳችሁ አድርሱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀትም ስትጠይቁ ሊሰጣችሁ የሚገባ መብታችሁ እንጂ የአሠሪው ችሮታ አይደለም። በግል ድርጅት ከደመወዛችሁ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ በእርግጥ ገቢ መደረጉንም ተከታተሉ፤ የሂሳብ ባለሙያ የራሱን መዋጮ ሳይከታተል ቢቀር ያሳዝናል።

ሁለት ቦታ ተጠርታችሁ መወሰን ካቃታችሁ የመግቢያውን ወር ተመልከቱ። ሰኔ ከማለቁ በፊት የገባ ጀማሪ ቆጠራውን፣ መዝጊያውን፣ የኦዲተሮቹን ጥያቄና እስከ ጥቅምት 30 የሚቀርበውን የዓመቱን የግብር ማሳወቂያ በተከታታይ ያያል፤ ኅዳር ላይ የገባው ግን ይህን ሁሉ ለማየት ሌላ ሰኔ መጠበቅ አለበት።